በረካ ላይ የሚነገረው

ጅማ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚማረው ሰላምታ ነው። ማለዳ ሄርማታ ገበያ ዳር፣ ጀበና ከጣደች እናት አጠገብ በርጩማ ላይ የተቀመጠ እንግዳ «አካም ቡልተን?» ይባላል፤ እንዴት አደሩ ማለት ነው። መልሱ «ነጋ» ነው፤ ሰላም። ብዙ ጊዜም «ፈያ» ይከተላል፤ ጤና። አማርኛችንም ከዚህ አይርቅም። «ጤና ይስጥልኝ» ስንል ሰላምታውና ምርቃቱ አንድ ላይ ነው። የማኅበረሰብ ጤና ሊማር ከሙኒክ ወይም ከጌንት የመጣ ወጣት ገና ደብተሩን ሳይከፍት፣ ሰው ሁሉ ስለ ጤና ሲጠያየቅ ይደርሳል።

ችግሩ፣ «ነጋ» ያለ ሁሉ ጤነኛ አለመሆኑ ነው። ልጇን ሦስት ቀን ሲያተኩሰው የሰነበተባት እናትም ስትጠየቅ «ነጋ» ትላለች። እየዋሸች አይደለም። ሰላምታ የራሱ ሥርዓት አለው፤ አስቀድሞ ሰላም ይባላል፣ ፈጣሪ ይመሰገናል፣ ስለ ከብቱና ስለ ዝናቡ ይጠየቃል፣ ከዚያ ቡና ይፈላል። አቦሉ ይጠጣል፣ ቶናው ይከተላል። በረካው ላይ ከሰሉ ሊከስም ሲል፣ ሰውም ዘና ሲል «ይኸ ልጅ ግን…» ብላ ትጀምራለች። አቦል ላይ መጠይቁን ሞልቶ የሄደው ተማሪ ቅጹ ላይ «ሕመም የለም» ብሎ ጽፏል።

ባህልን፣ ቋንቋንና የማኅበረሰብ ጤናን አንድ ላይ ለመማር ባዕድ አገር መሄድ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የተለመደ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ሦስቱ ተነጣጥለው ይቀርባሉ፤ ቋንቋው ለታክሲና ለምግብ ቤት፣ ባህሉ ለፎቶግራፍ፣ ጤናው ለመማሪያ ክፍል። በጅማና በዙሪያዋ ባሉት የቡና ከተሞች ያየሁት ሌላ ነው። እዚህ ቋንቋ እንደ ቴርሞሜትር ያለ የሥራ መሣሪያ ነው፤ ካልያዙት ትኩሳቱ አይነበብም። ይህን ለማወቅ ከባሕር ማዶ መምጣት አያስፈልግም። እኔ ጅማ የገባሁት ከጎጃም ነው፤ ያኔ ከአፋን ኦሮሞ አንድ ቃል አላውቅም ነበር። ስለዚህ ከዚህ በታች «እንግዳ ተማሪ» ስል ፈረንጁን ብቻ ማለቴ አይደለም።

ሄርማታ እንግዳ መቀበል የጀመረችው ትናንት አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የጅማ ነገሥታት መቀመጫ ጅሬን ኮረብታ ላይ ሲሆን፣ ገበያው ከበታቹ ሄርማታ ነበር። የሐሙሱ ገበያ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ከነበሩት ሁሉ የገነነ ነበር። አፍቃላ የሚባሉት የኦሮሞ ነጋዴዎችና ከሰሜን የሚመጡት ጀበርቲዎች ቡና፣ ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስና አሞሌ ጨው ይዘው ይገናኙበታል። ሰውም ይሸጥበት ነበር፤ ይህም ሳይነገር መታለፍ የለበትም። ከ1878 እስከ 1932 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የገዙት ዳግማዊ አባ ጅፋር የእስልምና ሊቃውንትን ተቀብለው ያስተናግዱ ስለነበር፣ ጅማ ከሩቅ አገር ደረሳ የሚጎርፍባት የትምህርት ማዕከል ሆነች። ዛሬ የምናውቃት ከተማ በጣሊያን ወረራ ዘመን ስትስፋፋም መሠረቷ ይኸው ገበያ ነው። አሁንም አንድ ጠዋት ሄርማታ ውስጥ ቢመላለሱ አፋን ኦሮሞና አማርኛ፣ የዳውሮ፣ የከፋ፣ የየምና የጉራጌ ቋንቋዎች በአንድ መደብ ላይ ሲገበያዩ ይሰማሉ።

ገበያ ሸቀጥ ብቻ አያመጣም። ወሬም ይመጣል፤ የትኛው መንደር ልጆች እንደሚያስላቸው፣ የትኛው ቀበሌ ሰው ለለቅሶ እንደተሰበሰበ። ይህን ወሬ መስማት የሚችል ሰው ከማንኛውም ሪፖርት ቀድሞ ያውቃል።

ከዛሬ መቶ ሰባ ዓመት ገደማ በፊት ይህንን የተረዳ አንድ እንግዳ በዚህ አካባቢ አልፏል። ጉልየልሞ ማሳያ ይባላል፤ የእኛ ሰዎች አባ መስያስ ይሉታል። ጣሊያናዊ የካፑቺን መነኩሴ ነው። በ1846 ለኦሮሞ ምድር ጳጳስ ተብሎ ቢሾምም እስከ 1852 ድረስ መግባት አልቻለም። ከዚያ በኋላ በጉድሩ፣ ከጅማ በስተ ሰሜን ባለው በሊሙ እናርያና በከፋ ዓመታት አሳለፈ። የሊሙ እናርያውን ገናና ንጉሥ አባ ባጊቦን ያውቃቸው ነበር። የመጣው ለስብከት ነው፤ ይህን አልሸፋፍነውም። ሰውን ወደ እሱ ያመጣው ግን ሌላ ነገር ነው። በወጣትነቱ ቶሪኖ በሚገኝ ሆስፒታል የነፍስ አባት ሆኖ ሲያገለግል ከሐኪሞች የቀሰመው እውቀት ነበረው፤ የፈንጣጣ ክትባትም ተምሮ ነበር። ፈንጣጣ መንደር ሲያራቁት እሱ እየዞረ ይከትባል። ከዚህ የተነሣ «የፈንጣጣ አባት» የሚል ስም ወጣለት። በ1867 ደግሞ ፓሪስ ላይ የአማርኛና የኦሮምኛ ሰዋስው መጽሐፍ አሳተመ፤ ለሚከተሉት ሚስዮናውያን መማሪያ እንዲሆን።

የሁለቱን ሥራዎች ዝምድና ልብ ማለት ያስፈልጋል። ክትባት የሚሰጥ ሰው እናትን «ልጅሽን ስጪኝ፣ ክንዱን ልጭረው» ይላል። ይህን በምልክት መናገር አይቻልም። እምነት ይፈልጋል፣ እምነት ደግሞ ቃል ይፈልጋል። በዚያ ላይ ሕዝቡ ባዶ እጁን አልነበረም። ከታመመ ሰው ቁስል መግል ወስዶ የጤነኛውን ክንድ ጭሮ መቀባት በብዙ የኢትዮጵያ አካባቢዎች ከጥንት ጀምሮ ይታወቅ ነበር። ቃላችንም ይመሰክራል። «ከተበ» ጻፈ ማለት ነው፤ አንገት ላይ የሚንጠለጠለው «ክታብ» ከዚሁ ይወጣል፤ «ክትባት»ም እንዲሁ። ሰውነት ላይ የሚጻፍ መከላከያ። አንድ እንግዳ ተማሪ ይህንን የቃል ዝምድና ቢያውቅ፣ በልጇ አንገት ላይ ክታብ ያሰረችን እናት ከክትባት ተቃዋሚዎች ጋር ለመቁጠር አይቸኩልም። ሁለቱንም ያደረገችው በአንድ ልብ ነውና፤ ልጄ እንዳይነካብኝ ብላ።

ታሪኩ እዚያ አላበቃም። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1971 መጀመሪያ፣ ኢትዮጵያ ፈንጣጣን የማጥፋት ዘመቻ ጀመረች። በዚያ ዓመት ብቻ ከ26 ሺህ በላይ ሕሙማን ተመዘገቡ። ያኔ ጅማ ዋና ከተማዋ የነበረችው የከፋ ጠቅላይ ግዛት በሽታው ከጠናባቸው ስፍራዎች አንዷ ነበረች። ዘመቻውን ከመሩት መካከል ከዓለም ጤና ድርጅት የመጣው ብራዚላዊው ሲሮ ደ ኳድሮስ ይገኝበታል። ከኢትዮጵያውያን የጤና ባለሙያዎችና ሳኒታሪያኖች ጋር ወጣት አሜሪካውያን የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኞችም በበቅሎና በእግር ይዞሩ ነበር። አገሩን በሙሉ ለመከተብ አቅም አልነበረም። ስለዚህ የተያዘው መንገድ በሽተኛውን ፈልጎ ማግኘትና በዙሪያው ያሉትን መከተብ ሆነ። በሽተኛ የሚገኘው ደግሞ በመጠየቅ ነው። የፈንጣጣ ታማሚ ሕፃን ሥዕል ያለበትን ካርድ ይዘው ገበያ ይገባሉ፣ ትምህርት ቤት ይገባሉ፤ «እንዲህ ያለ ሰው የት አያችሁ?» ይላሉ። የገበያ ወሬ የጤና መረጃ ሆነ። በኢትዮጵያ የመጨረሻው ሕመምተኛ የተገኘው በነሐሴ 1976 ነው፤ በ1980 ዓለም ከፈንጣጣ ነፃ መሆኗ ታወጀ። ከዚያ ዘመቻ የወጣ የውጭ ወጣት ሁሉ፣ ስለ ወረርሽኝ ያወቀውን ያህል ቆላና ደጋ፣ ጾምና ፍስክ፣ የገበያ ቀንና የለቅሶ ሥርዓት አውቆ እንደሄደ አልጠራጠርም። ያለዚያ ሥራው ባልተሠራም ነበር።

አሁን ወደ ትምህርት ቤቱ ልምጣ። በ1978 አልማ አታ ላይ የተሰበሰቡ የዓለም መንግሥታት ጤና ከሆስፒታል ግድግዳ ወጥቶ ወደ መንደር እንዲወርድ ተስማሙ። በዓመቱ፣ 1979፣ ጃማይካ ኪንግስተን ላይ ተማሪዎቻቸውን ማኅበረሰብ ውስጥ ማሰልጠን የሚፈልጉ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ማኅበር መሠረቱ። የኔዘርላንዱ ማስትሪክትና የካናዳው ማክማስተር በዚህ አስተሳሰብ ስማቸው የታወቀ ነው። በ1983 ጅማ የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ሲከፈት ይህንኑ መንገድ መረጠ። በእርግጥ ዘሩ በአገራችንም ነበር፤ በ1954 የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጤና መኮንንን፣ የማኅበረሰብ ነርስንና ሳኒታሪያንን በቡድን አሰልጥኖ ወደ ገጠር ይልክ ነበር። የጅማው ኢንስቲትዩት በ1952 ከተከፈተው የጅማ የእርሻ ትምህርት ቤት ጋር ተዋህዶ በታኅሣሥ 1999 ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆነ።

ተማሪዎቹ ራሳቸው ይህንን ሥልጠና የሚጠሩት በአጭሩ ነው። «ሲቢቲፒ ወጣን»፣ «ቲቲፒ አጋሮ ደረሰኝ» ይላሉ። ሲቢቲፒ በየዓመቱ ወደ መንደር ወርዶ ቤት መቁጠር፣ ውኃውን፣ መጸዳጃውን፣ እናቶችንና ሕፃናትን ማጥናት ነው። ቲቲፒ ደግሞ የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች የሚወጡበት የቡድን ሥልጠና ነው፤ የሕክምና፣ የነርሲንግ፣ የፋርማሲ፣ የላቦራቶሪና የአካባቢ ጤና ተማሪዎች አጋሮ፣ አሰንዳቦ፣ ሸቤ ወይም ሰርቦ ባለ ጤና ጣቢያ ሳምንታት አብረው ይኖራሉ። ጠዋት ያክማሉ፣ ከሰዓት መንደር ይዞራሉ፣ ማታ በአንድ ቤት ሽሮ ያበስላሉ። በጅማና በሙኒኩ ሉድቪግ ማክሲሚሊያን ዩኒቨርሲቲ መካከል በ2000ዎቹ መጀመሪያ የተጀመረው ትብብር፣ ከ2007 ጀምሮም ከቤልጅግ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር የነበረው ረጅም የሥራ ግንኙነት፣ የውጭ ተማሪዎችና ተመራማሪዎች ወደዚህ ሕይወት እንዲጠጉ በር ከፍቷል።

እኔም በዚሁ ሥልጠና ተማሪ ሳለሁ የተማርኩትን አንድ ነገር ልንገራችሁ። መጠይቅ ይዤ አንዲት እናት ቤት ገባሁ። ጥያቄው «ባለፉት ሁለት ሳምንታት ሕፃኑ ተቅማጥ ነበረው?» ይላል። አስተርጓሚው ጠየቀልኝ፤ «የለም» አለች። «የለም» ብዬ ጻፍኩ። ሕፃኑ ግን ዓይኑ ጎድጉዷል፤ ከንፈሩ ደርቋል። ደጋግሜ ባየው ጎረቤቷ ሳቅ ብላ «ጥርስ እያወጣ እኮ ነው» አለችኝ። ለእነሱ ጥርስ ሲያወጣ የሚመጣ ተቅማጥ በሽታ አይደለም፤ የዕድገት ምልክት ነው። ስለዚህ በበሽታ ስም ሲጠየቁ «የለም» ማለታቸው እውነት ነው። ከዚያ ቀን በኋላ «ልጁ ጥርስ ማውጣት ጀመረ? ሲያወጣ ሰገራው እንዴት ነው?» ብዬ መጠየቅ ተማርኩ። ለእኔ ከመጽሐፍ ይልቅ ያስተማረችኝ ያቺ ጎረቤት ናት።

እንዲህ ያለ ነገር በዝቷል። አማርኛ ተናጋሪ «ልቤን አመመኝ» ሲል እጁን ብዙ ጊዜ የሚያሳርፈው ከደረቱ በታች፣ ጨጓራው ላይ ነው። እንግዳው ተማሪ ቃሉን በመዝገበ ቃላት ፈትቶ የልብ ሐኪም ሊጠራ ይችላል። «ሆድ ባሰኝ» ያለ ሰው ደግሞ ሆዱ ምንም አልሆነም። «ብርድ መታኝ» ከወገብ ቁርጠት እስከ ሳል ድረስ ይይዛል። «ምች» የሚባለው ትኩሳት፣ ራስ ምታትና የአፍ ቁስል ያለበት ሕመም በውጭ መጽሐፍ አንድ አቻ የለውም፤ መድኃኒቱ ዳማ ከሴ መሆኑን ግን ሁሉም ያውቃል። ይህ ለምን ለጤና ባለሙያ ይጠቅማል? የወባ ትኩሳት የጀመረው ሰው ምች ነው ብሎ ሁለት ቀን ዳማ ከሴ እየታሸ ሊቆይ ይችላል። ወባ ደግሞ ትኩሳቱ በጀመረ በ24 ሰዓት ውስጥ መታከም አለበት። ስለዚህ «ወባ ነበረብህ?» ከማለት «ምች መትቶህ ነበር? ስንት ቀን ቆየ? ምን አደረግህለት?» ማለት የበለጠ ያስገኛል። በአፋን ኦሮሞ ወባ «ቡሳ» ነው። ነፍሰ ጡር ሴት ደግሞ «ኡልፋ» ትባላለች፤ ክብደት ካለው ከዚያው ሥር «ኡልፊና» ይወጣል፤ ክብር ማለት ነው። የእርግዝና ክትትል ትምህርት የሚሰጥ ሰው ይህን አንድ ቃል ይዞ ቢጀምር ሰሚ አያጣም።

ስምም ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። «አባ ጅፋር» የንጉሡ የፈረስ ስም ነው፤ ጅፋር የተባለው ፈረስ ባለቤት እንደማለት። ከእሳቸው በፊት የነበሩት አባ ጎሞልና አባ ቦካም እንደዚሁ። በጅማ ገጠር ዛሬም ብዙ አባወራ በ«አባ» ስም ይጠራል፤ እናትም በመጀመሪያ ልጇ ስም ትጠራለች። ትልቅ ሰውን በወጣትነት ስሙ ብቻ መጥራት ነውር ነው። እንግዲህ መዝገብ የያዘው ተማሪ በቀበሌ የተጻፈውን ስም ይዞ መንደር ቢገባ፣ ያንን ሰው የሚያውቀው ላይገኝ ይችላል። ሰውየው በክሊኒክ ካርድ ሌላ፣ በጎረቤት አፍ ሌላ፣ በቀበሌ መዝገብ ሌላ ነው። ሦስቱን አንድ ሰው ናቸው ብሎ ማገናኘት የሚችለው ስሙ እንዴት እንደሚወጣ የሚያውቅ ብቻ ነው።

በዚህ በምዝገባው ነገር ላይ ጥቂት ልቆይ፤ ከሁሉ የሚከብደው ሥራ እዚህ ጋ ነውና። ጅማ ዩኒቨርሲቲ በ2005 በግልገል ጊቤ ዙሪያ የመስክ ምርምር ማዕከል አቋቁሟል። በተወሰኑ ቀበሌዎች የሚኖሩ ቤተሰቦች በየጊዜው እየተጎበኙ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን መጣ፣ ማን ሄደ ይመዘገባል። በአገራችን ገጠር አብዛኛው ሰው የሚሞተው ቤቱ ነው፤ ሐኪም አያየውም፤ የሞቱ ምክንያት የሚጻፍበት ወረቀት የለም። ስለዚህ የቃል የሞት ምርመራ የሚባል ዘዴ አለ። የሠለጠነ ጠያቂ ሐዘኑ ጥቂት እስኪበርድ ጠብቆ ወደ ቤተሰቡ ይሄዳል፤ ከሞቱ በፊት የነበረውን ሁሉ ይጠይቃል። ትኩሳቱ ስንት ቀን ነበር? ሲተነፍስ ያቃስት ነበር? አንገቱ ደርቆ ነበር? መልሱን ሐኪሞች አንብበው የሞቱን ምክንያት ይወስናሉ። አገር የጤና በጀት የሚመድበው እንዲህ ባለ መረጃ ነው።

አሁን ያንን ጠያቂ አስቡት። የሚገባው ለቅሶ የነበረበት ቤት ነው። ገና ሲገባ ምን ይላል? እስላም ቤት ነው ወይስ ክርስቲያን? «ነፍስ ይማር» ነው የሚባለው፣ ወይስ «አላህ ይርሐመው»? አርባው ሳይወጣ መጥቶ ከሆነ እናቲቱን ቁስሏን ነካው ማለት ነው፤ በጣም ዘግይቶ ከመጣ ደግሞ ዝርዝሩ ተረስቷል። ልጇ የሞተባት እናት ስታወራ ማቋረጥ አይገባም፤ ግን ቅጹ የሚጠይቀው የቀን ቁጥር ነው። ቀን አትቆጥርም። «ቡና ለቀማ ላይ ነበርን፣ ከገበያው ማግስት ታመመ፣ ሌላው ገበያ ሳይደርስ አለፈ» ትላለች። የገበያ ቀኑን የሚያውቅ ጠያቂ በልቡ ያሰላዋል፤ ከሳምንት ያነሰ ሕመም። የማያውቅ «አይታወቅም» ብሎ ያልፋል። በአንድ ሳጥን ውስጥ የተጻፈች አንዲት ቁጥር ስንት እውቀት እንዳለባት እዚህ ነው የሚታየው። ለውጭ ተማሪ በጅማ ምን ይማር ብባል፣ ከአንድ የመስክ ጠያቂ ጋር አንድ ቀን መዋልን አስቀድማለሁ፤ ቢፈቀድለትና ዝም ማለት ከቻለ።

የቡና አገር መሆኑም የጤናውን ቀን መቁጠሪያ ይለውጠዋል። ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ፣ ወባ የሚበረታበት ወቅት ነው። የቡና ለቀማውም በዚያው ሰሞን ይገባል። ከደጋ የወረዱ ለቃሚዎች ጎማና ሊሙ ባሉ እርሻዎች ዳስ ጥለው ያድራሉ፤ አጎበር አይዙም፤ ወባን የለመደ ሰውነትም የላቸውም። ጫጩት እንኳ የማይቀርበት የቤተሰብ ሥራ ነውና እናትም ሕፃኗን አዝላ ትወጣለች፤ በዚያ ወር የክትባት ቀጠሮ የሚቀረው ከቸልተኝነት አይደለም። እሸት ቡና የሚታጠብባቸው ጣቢያዎችም የሚሠሩት በዚሁ ጊዜ ነው። ፍሳሹ ወንዝ ሲገባ ምን እንደሚያስከትል የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2008 ባሳተሙት ጥናት አሳይተዋል፤ ከጣቢያው በታች ያሉ ነዋሪዎች የቆዳ ማሳከክ፣ የዓይን መቆጥቆጥ፣ የሆድ ሕመም፣ የመተንፈስ ችግርና እንደ ስካር ያለ ማዞር ይሰማናል ብለው ነበር። ቃሉ «እንደ ስካር ያለ» ነው። እንዲህ ያለው አነጋገር ቅጽ ላይ በተዘጋጀ ምርጫ ውስጥ ብዙ ጊዜ አይገኝም፤ ሰው በራሱ አፍ እንዲናገር ሲተዉት ነው የሚወጣው።

ሊማር የሚመጣ ሰው ከየት ይጀምር? ከደብዳቤ ይጀምራል። ከዩኒቨርሲቲው ወደ ዞን ጤና ጽሕፈት ቤት፣ ከዞን ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ቀበሌ የሚሄድ የትብብር ደብዳቤ ያስፈልገዋል። አንዳንዱ ይህን አሰልቺ ቢሮክራሲ ይለዋል፤ እኔ ግን የደጅ አጠናን ሥርዓት አድርጌ ነው የማየው፤ ሰው ቤት ሲገባ እንደሚንኳኳ ሁሉ ቀበሌም ይንኳኳል። ከዚያ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ያገኛል። ከ2003 ጀምሮ በየገጠር ቀበሌው ሁለት ሁለት ሴቶች እንዲመደቡ የተደረገበት ፕሮግራም ነው፤ በአገር ደረጃ ከ30 ሺህ በላይ ናቸው። አብዛኞቹ ከዚያው አካባቢ የተገኙ ናቸው፣ የአካባቢውን ቋንቋ ይናገራሉ፣ ማን ነፍሰ ጡር እንደሆነችና ማን መድኃኒት እንዳቋረጠ ያውቃሉ። የውጭ ተማሪ ስለ ኢትዮጵያ ጤና ሥርዓት ከሚያነባቸው ሰነዶች ሁሉ፣ እሷን ተከትሎ በእግር የሄደባት ግማሽ ቀን ትበልጣለች።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ በቀጥታ ልናገረው። በአገሩ መርፌ እንዲወጋ ያልተፈቀደለት ተማሪ እዚህ መጥቶ መውጋት የለበትም። ሰው ድሃ ስለሆነ ገላው የመለማመጃ ሜዳ አይሆንም። የታመመ ሕፃንን ፎቶ አንስቶ ለወዳጅ መላክም ያው ነው። ፈረንጅ ነጭ ጋዋን ለብሶ ሲገባ ሕዝባችን ዶክተር ነው ብሎ ይነሣለታል፤ ያንን አክብሮት ተቀብሎ ዝም ማለት መዋሸት ነው። «ተማሪ ነኝ፣ ልማር ነው የመጣሁት» የሚለውን ዐረፍተ ነገር በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም አስቀድሞ ማጥናት ይገባዋል። እኔ እንዳየሁት ይህንን ያለ ተማሪ አይናቅም። ጅማ ደረሳን ለዘመናት ያስተናገደች ከተማ ናት፤ ለሚማር ሰው ቦታ አላት።

መንገዱ ወደ ውጭም ይሄዳል። የጅማ መምህራን ለዶክትሬት ወደ ቤልጅግ ሲሄዱ ብዙዎቹ የተማሩት «ሳንድዊች» በሚሉት ዘዴ ነው፤ ጥቂት ወራት ጌንት ወይም ሌቨን፣ ከዚያ መረጃ ለመሰብሰብ ተመልሶ ጅማ፣ እንደገና ወደ ውጭ። የዚህ ዘዴ ጥቅም ጥያቄው እዚሁ መወለዱ ነው። ላቦራቶሪው እዚያ ቢሆንም ውኃው ከግልገል ጊቤ፣ ትንኙ ከአሰንዳቦ፣ ቡናው ከአጋሮ ይመጣል። የኛ ልጆች እዚያ ሲሄዱ ደግሞ በተራቸው እንግዳ ይሆናሉ፤ የማያውቁት ሕዝብ ሕመሙን በምን ቃል እንደሚናገር፣ ምኑን እንደሚደብቅ ይማራሉ። ሄደው የመጡ ሰዎች ተማሪዎቻቸውን ወደ መንደር ሲልኩ ትዕግሥታቸው ይለያል።

በቲቲፒ መጨረሻ ላይ ተማሪዎች ያገኙትን ውጤት ለነዋሪው ያቀርባሉ። በእኛ ጊዜ ስብሰባው የተደረገው ከጅማ ወጣ ባለች ቀበሌ፣ በአንድ ትልቅ ዋርካ ሥር ነበር። በወረቀት ላይ የሳልነውን ሠንጠረዥ ዘረጋን፤ ይህን ያህል ቤት መጸዳጃ የለውም፣ ይህን ያህሉ ካልተከለለ ምንጭ ይቀዳል አልን። ሽማግሌዎቹ በጸጥታ ሰሙን። ሲያበቃ አንድ አባት ተነሡ፤ መርቀውን ሲያበቁ፣ በአፋን ኦሮሞ ቀስ ብለው ተናገሩ። አስተርጓሚ ሳልጠብቅ የገባኝ የመጀመሪያው ረጅም ንግግር ነው።

«ልጆቼ፣ እውነት ብላችኋል። ያለፈው ዓመት ልጆችም ይህንኑ ነግረውን ሄዱ። ምንጩን እኛም እናውቀዋለን።»

ማንም አልመለሰም። ማታ ተሰብስበን ከኪሳችን ገንዘብ አዋጣን። በማግስቱ ሲሚንቶ ከአጋሮ መጣ፤ ድንጋዩንና አሸዋውን የቀበሌው ሰው አቀረበ፤ እኛም ከነዋሪው ጋር ቆፈርን። በሦስተኛው ቀን ምንጩ ተከልሎ ቧንቧ ወጣለት። ያ አባት መጡና እጃቸውን ታጥበው ቀመሱት። ከዚያ ባለቤታቸው ቡና ይዘው መጡ፤ ምንጩ ዳር ተቀምጠን ሦስቱንም ጠጣን። በረካው ላይ ነው፣ ባለፈው ክረምት ስለሞተችው የልጅ ልጃቸው የነገሩን። በቤት ለቤት ቆጠራችን ቤታቸውን ሁለት ጊዜ ጎብኝተን ነበር። በሁለቱም «ነጋ» ብለውናል።